ባህር ዳር ላይ ካምፐር ተሳቢ በራስ እጅ መሥራት፣ ከሻንሲው እስከ ፍራሹ

ተሳቢ ሲባል ሲኖትራክ ኋላ የሚንገጫገጨው ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ የምላችሁ ከፒክአፕ ኋላ የምትታሰር፣ ውስጧ ሁለት ሰው የሚያስተኛ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ ሲከፈት ኩሽና የምትሆን ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ሳጥን ናት። እኔ አሁን የምጎትታት ሦስተኛዋን ነው። የመጀመሪያዋ ጭራዋን እየወዘወዘች ገደል ልትከተኝ ነበር፣ ሁለተኛዋ ደሞ ከጢስ አባይ ስመለስ መጎተቻዋ ተሰነጠቀ፣ ስለዚህ እዚህ የምጽፈው አብዛኛው ነገር በኪሳራ የተማርኩት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ኢንተርኔት ላይ የምታዩዋቸው የአውስትራሊያና የደቡብ አፍሪካ ተሳቢዎች ያስጎመጃሉ፣ የአየር ሳስፔንሽን፣ የኤሌክትሪክ ፍሬን፣ በመሳቢያ የሚወጣ ፍሪጅ፣ ምናምን። ግን ያ የአየር ከረጢት ሐሙሲት ላይ ቢቀደድባችሁ ማን ይሠራላችኋል? ባሌስትራ (ቅጠል ቅጠል የሆነው የብረት ሞላ) ቢሰበር ግን ወረታም በሉት አዲስ ዘመን፣ ደብረ ታቦርም በሉት፣ የሚያውቀው ሰው አታጡም። እኔ ዕቃ ስገዛ ራሴን የምጠይቀው ይሄንኑ ነው፣ መንገድ ዳር ያለ መካኒክ ያውቀዋል ወይ? ካላወቀው አልገጥምም፣ አለቀ።

ብረት ከመግዛት በፊት

ንድፉን ወረቀት ላይ ስላችሁ፣ ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ክብደቱን ጽፋችሁ መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ሂዱና ለሰሌዳና ለዓመታዊ ምርመራ ምን ምን እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ሠርቶ ከመጠየቅ ጠይቆ መሥራት ይሻላል። የብረቱን ደረሰኝ፣ የአክስሉን የግዢ ውል፣ ሁሉንም ባንድ ፌስታል አስቀምጡ፣ አሮጌ አክስል ከየት አመጣህ ሲሏችሁ የምታሳዩት እሱን ነው።

ቀጥሎ ክብደት። የመጀመሪያዋን ስሠራ ክብደት የሚባል ነገር አላሰብኩም፣ ብረት ጠንካራ ነው ብዬ ወለሉን በወፍራም ላሜራ፣ ግድግዳውንም በላሜራ ዘጋሁት፣ በኋላ ምድር ሚዛን ላይ ሳወጣት ባዶዋን 900 ኪሎ አልፋ ተገኘች፣ ውሃ የለ ፍራሽ የለ። አሁን የምጠቀምበት ሒሳብ ይሄ ነው፦ ሻንሲ 90 ኪሎ ገደማ፣ አክስልና ጎማ ከነባሌስትራው 170፣ ሳጥኑ 110፣ ፍራሽና ኩሽና 60፣ ባትሪና ሶላር 40፣ ውሃ 80። ድምሩ 550 ይመጣል። 100 ኪሎ ለልብስ፣ ለምግብና ለከሰል ብትጨምሩ 650። አውሮፓ ውስጥ የራሱ ፍሬን ሳይኖረው እንዲጎተት የሚፈቀደው ቀላል ተሳቢ ጣሪያው 750 ኪሎ ነው፣ እኔም ያንን ቁጥር እንደ አጥር ነው የማየው፣ ከሱ በታች ለመቆየት እታገላለሁ።

ስፋቱ። ሳጥኑ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ40፣ ከፍታው 1 ሜትር ከ10። ይሄ ለሁለት ሰው ፍራሽና ከኋላ ለ40 ሳንቲ ኩሽና ይበቃል። ውስጡ መቆም አይቻልም፣ መቆም የፈለገ ውጪ ይቁም፣ ጣና ዳር መጥቶ ቤት ውስጥ መቆም ምን ይሠራል።

ሻንሲው

80 በ40፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ግዙ። ባለ 6 ሜትሩ 3 ይበቃችኋል፦ ለሁለቱ ጎን 4 ሜትር ከ80፣ ለ5 አግዳሚ 7 ሜትር፣ ለመጎተቻው ሁለት እግር ደሞ 4 ሜትር ከ80፣ ጠቅላላ 16 ሜትር ከ60 ነው፣ ትርፉ ለድጋፍና ለጥቃቅን ነገር ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ውፍረቱን ራሳችሁ ለኩ። 3 ሚሊ ተብሎ 2 ሚሊ ከምናምን የሚሸጥ አለ፣ በዓይን አይለይም፣ ካሊፐር ያዙና ሂዱ፣ ካሊፐር ከሌላችሁ አስመዝኑት፣ የዚህ መጠን ቱቦላሬ በሜትር 5 ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ አንዱ ባለ 6 ሜትር ከ30 ኪሎ በታች ከመዘነ አይሆንም።

ፍሬሙን ሜዳ ላይ አስቀምጣችሁ መጀመሪያ ነካ ነካ አድርጋችሁ ብቻ በይዱት። ከዛ በስኳድራ አትመኑ፣ በሜትር ከጥግ ጥግ በሰያፍ ለኩ፣ ሁለቱም ሰያፍ 2 ሜትር ከ78 ሳንቲ መምጣት አለበት። ግማሽ ሳንቲ ልዩነት ካለ በመዶሻ ይስተካከላል፣ ተበይዶ ካለቀ በኋላ ግን ማንም አያስተካክለውም፣ ተሳቢዋ ዕድሜ ልኳን እንደ ሸርጣን በጎኗ ትሄዳለች። ስትበይዱ ደሞ አንዱን ጥግ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፣ እያቀያየራችሁ ትንሽ ትንሽ በይዱ፣ ብረት ሲሞቅ ይጎተታል። 6013 ኤሌክትሮድ ባለ 2.5 ሚሊው ለዚህ ውፍረት ይስማማል፣ ከ70 እስከ 90 አምፒር አካባቢ። ጋልቫናይዝድ ብረት ከሆነ የሚበየድበትን ቦታ ዚንኩን በግራይንደር ላጡት፣ ጭሱ መርዝ ነው፣ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። መብራት ሲጠፋ ደሞ በቃ ቡና ማፍላት ነው፣ አቋርጣችሁ የተዋችሁትን ብየዳ ስትቀጥሉ ቅርፊቱን በሽቦ ብሩሽ ሳታጸዱ በላዩ እንዳትቀጥሉ።

አሁን ወደ ዋናው፣ መጎተቻው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሁለተኛዋን ስሠራ ሁለቱን እግሮች ከፍሬሙ የፊት አግዳሚ ጋር አፍ ለአፍ ገጥሜ በየድኩ፣ ዙሪያውን በሙሉ፣ ያማረ ብየዳ ነበር ኮ። ከጢስ አባይ ስመለስ ባህር ዳር ልገባ ትንሽ ሲቀረኝ ከኋላ ጓ አለ። ወርጄ ሳይ የግራው እግር ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል፣ የቀኙም ግማሹ ሄዷል፣ ያቺ ቀሪዋ ባትይዝ ኖሮ ሳጥኑ ለብቻው እርሻ ውስጥ ገብቶ ነበር። በማግስቱ ለአንድ ሽማግሌ በያጅ አሳየሁት። ጠመኔ አውጥቶ የብየዳውን ጠርዝ አሰመረበትና «ልጄ፣ ብየዳህ እኮ አልተሰበረም፣ እየው፣ ደህና ነው። የተሰበረው ከብየዳው ጠርዝ ያለው ብረት ነው» አለኝ። «ታዲያ ጋሼ ምን ላድርግ?» ስለው ዱላውን መሬት ላይ አጋድሞ ሌላ ዱላ ከስሩ አስገባ። «አታጋጥመው፣ ከስር አሳልፈው።»

ነገሩ እንደዚህ ነው። የመጎተቻው ሁለት እግሮች ከፊት አግዳሚው ስር ያልፉና ቢያንስ 1 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ የባሌስትራው የፊት ማንጠልጠያ ያለበት አግዳሚ ድረስ። ከፍሬሙ ጋር የሚበየዱት ደሞ በርዝመታቸው አቅጣጫ፣ በጎን በኩል ብቻ ነው። ቱቦላሬውን በላይና በታች ፊቱ ላይ አግድም የሚያቋርጥ ብየዳ እንዳታደርጉ፣ ጭነቱ ወደ ላይ ወደ ታች ሲያጎብጠው የሚጎተተውና የሚጨመቀው እሱ ፊት ነው፣ አግድም የተበየደበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ይጀምራል። ከሳጥኑ ፊት እስከ መጎተቻው ጫፍ 1 ሜትር ከ40 ተዉ። ከዚህ ካጠረ ወደ ኋላ ስትነዱ መኪናው ጥግ ከሳጥኑ ጥግ ይጋጫል፣ ወደ ኋላ ለመልመድም አጭር ተሳቢ ከረዥሙ ይልቅ ያስቸግራል፣ መሪ ሳታዞሩ እሷ ታጥፋ ትጨርሳለች።

ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ የቱቦላሬውን ክፍት አፍ በሙሉ ዝጉ፣ ግን ከስር ትንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ተዉ። ክረምት ላይ ውስጡ የገባ ውሃ ከውጪ ሳይታይ ነው የሚበላው።

አክስል፣ ጎማ፣ ባሌስትራ

ሕጉ አንድ ነው፣ የተሳቢዋ ጎማ ከመኪናችሁ ጎማ ጋር አንድ ይሁን። ያኔ አንድ ስፔር ለሁለቱም ይሠራል፣ ጎማዋም መኪናው በከፈተው ዱካ ላይ ትሄዳለች። ሃይሉክስ ፎር ባይ ፎር ከሆነ ባለ 6 ብሎን፣ ብሎኖቹ የሚያርፉበት ክብ ስፋት 139.7 ሚሊ ነው። ላንድክሩዘር 79 ከሆነ ግን ከ1999 በኋላ ያለው (በፈረንጅ) ባለ 5 ብሎን 150 ሚሊ ነው፣ ስለዚህ የሃይሉክስ አክስል ገዝቶ ከ79 ኋላ ማሰር ሁለት ስፔር መያዝ ማለት ነው።

አዲስ የተሳቢ አክስል ካገኛችሁ ጥሩ፣ ካላገኛችሁ የአሮጌ ፒክአፕ የኋላ አክስል አለ። ባህር ዳር ካጣችሁ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው መድረሻው፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው ግን በጭነት መኪና ይልኩላችኋል። እዚህ ላይ ሌላ ስህተቴን ልንገራችሁ። ይሄ የዲፈረንሻል ሆድ ክብደት ብቻ ነው ብዬ ውስጡን በሙሉ አስወጣሁና ቀዳዳውን በላሜራ ዘጋሁት፣ እንዴት ብልጥ ነኝ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ሁለቱም ጎማ መወላወል ጀመረ። ለካ የሃይሉክስ የጎን ዘንግ ጎማውን ከውጪ በኩል ባንድ ኩሽኔታ ይዞ ከውስጥ በኩል የሚያርፈው ዲፈረንሻሉ ውስጥ ነው፣ ያንን ስታወጣ ዘንጉ አንድ እግሩን ያጣል። ስለዚህ አትንኩት። ከካምቢዮ የሚመጣውን ዘንግ ብቻ ፍቱ፣ ዘይት ሙሉ፣ ተዉት፣ ይሽከርከር። ክብደቱን ሌላ ቦታ ትቀንሳላችሁ።

ባሌስትራው ለአንድ ቶን ጭነት የተሠራ ነው፣ ከ650 ኪሎ ተሳቢ ስር እንዳለ ከገባ ድንጋይ ነው፣ ውስጥ ያለው እንቁላል በሙሉ ይሰበራል (እንቁላል ስል ቀልድ አይደለም፣ 12 ነበር)። ሦስት ቅጠል አስቀሩ፣ ዋናውን ባለ ዓይኑንና ከሱ ስር ያሉትን ሁለት፣ ከስር ያለውን ወፍራም ቀጥ ያለ ቅጠል አውጡ። ባሌስትራውን ከአክስሉ በላይ አስቀምጡት እንጂ ከስሩ አታድርጉ፣ ከመሬት ትርቃላችሁ። አሞርዛቶር ግጠሙ፣ የድሮውም ቢሆን፣ ቅጠል ስትቀንሱ መዝለል ይጨምራል። የማንጠልጠያ ጎሚኒዎችን ግን አሮጌ አትጠቀሙ፣ ርካሽ ነው፣ አዲስ ግዙ።

አክስሉ የት ይቀመጥ? የመጀመሪያዋ የወዘወዘችኝ በዚህ ነው። ልክ መሃል ላይ አድርጌው ኩሽናውን፣ ውሃውን፣ ጋዙን ሁሉ ኋላ ጫንኩ፣ ወደ መራዊ ስወርድ 70 ላይ ስደርስ መወዛወዝ ጀመረች፣ ፍሬን ስይዝ ባሰባት። ፍሬን አትያዙ። ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ራሷ ትረጋጋለች። መፍትሔው ግን መጎተቻው ጫፍ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ማድረግ ነው፣ ለ650 ኪሎ ከ65 እስከ 97 ኪሎ ማለት። በኛ ልክ የአክስሉ መሃል ከሳጥኑ ፊት 1 ሜትር ከ45 ላይ ሲሆንና ውሃው ከአክስሉ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ይመጣል። ለማረጋገጥ እህል ነጋዴ ጋ ሂዱ፣ ኩንታል የሚመዝኑበትን ሚዛን ለአምስት ደቂቃ ለምኑ፣ የተጫነችውን ተሳቢ መሬቷን ሜዳ አድርጋችሁ መጎተቻዋን በእንጨት ቁራጭ ሚዛኑ ላይ አሳርፉ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ይዤ ሄጄ ጤፍ ሊሸምት የመጣው ሰው ሁሉ ከቦ ሲስቅብኝ 72 ኪሎ አነበብኩ፣ ይሳቁ።

አክስሉን ከመበየዳችሁ በፊት ደሞ ከመጎተቻው ጫፍ እስከ ሁለቱ የአክስል ጫፎች ገመድ ዘርግታችሁ ለኩ፣ እኩል ካልሆነ ጎማ በአንድ ክረምት ይበላል።

ማሰሪያውና ፍሬኑ

አስፋልት ላይ መኪናው ኋላ የሚገጠመው ባለ 50 ሚሊ ኳስ ጥሩ ነው፣ ኮረኮንች ላይ ግን ተሳቢዋ በጎን ስትጋደል ኳሱ እስከ ተወሰነ ድረስ ብቻ ነው የሚፈቅድላት። የወታደር መኪና ላይ የምታዩት ቀለበትና መንጠቆ ብዙ ይፈቅዳል፣ ይንኳኳል እንጂ አይለቅም፣ የኔ እሱ ነው። ሰንሰለት ሁለት፣ ከመጎተቻው ስር ተጣምረው በመስቀል ይታሰሩ፣ መጎተቻው ቢወድቅ መሬት ሳይነካ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። የሁለተኛዋ ሰንሰለት መጎተቻው ላይ ነበር የተበየደው፣ መጎተቻው ሲበጠስ ሰንሰለቱም አብሮት፣ ምን ዋጋ አለው፣ አሁን ከሻንሲው ዋና ፍሬም ነው የሚጀምረው።

የፒክአፕ አክስል ጥቅሙ የፍሬን ታንቡሩና የእጅ ፍሬን ገመዱ አብሮት መምጣቱ ነው። ቢያንስ ያንን ገመድ ወደ አንድ እጀታ አምጡና ለማቆሚያ ተጠቀሙበት። አባይ በረሃን ወይ ሊማሊሞን የምትወርዱ ከሆነ ግን ተሳቢዋ መኪናውን ስትገፋ ያንኑ ገመድ የሚስበውን ተንሸራታች መጎተቻ ግጠሙ፣ ወደ ኋላ ስትነዱ መቆለፊያውን እንዳትረሱ ብቻ፣ አለበለዚያ ራሷ ፍሬን ይዛ አልሄድም ትላለች።

ሳጥኑ

25 በ25 ቀጭን ቱቦላሬ አጽሙን ይሠራል። ቆዳው ባለ 1 ሚሊ አሉሚኒየም ይሁን፣ በሪቬት። 12 ካሬ የሚጠጋ ነው የሚለብሰው፣ በላሜራ ብታደርጉት 60 ኪሎ ትጨምራላችሁ፣ ያ አንድ ትልቅ ሰው ተኝቶ እንደ መጓዝ ነው። አሉሚኒየም ብረትን በቀጥታ ከነካ እርጥበት ላይ ይበላላሉ፣ በመሃላቸው ቀለም ወይም ቀጭን የጎማ ቴፕ ይግባ። ወለሉ 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ፣ ከስር በኩል ከመገጠሙ በፊት ቀለም ሁለት ጊዜ፣ ጠርዙን ሦስት ጊዜ፣ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው። ግድግዳው መሃል ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም ባለ 2 ሳንቲው ይግባ። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ያለሱም ትተኛላችሁ፣ ሰሜን ተራሮች ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ግን ያለ ፎም የተኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን ሲቆጥር ነው የሚያድረው።

አቧራ። ማንም አይነግራችሁም ግን ከዝናብ የሚብሰው እሱ ነው። ሳጥን ሲሮጥ ከኋላው ያለው አየር ስለሚሳሳ አቧራውን በኋላ በር ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ የመኪና በር ጎሚኒ ብታለብሱትም ይገባል። የሚሠራው ዘዴ ጣሪያው ፊት ላይ ወደ ፊት የሚከፈት ትንሽ መስኮት ማውጣት ነው፣ ወፍራም ስፖንጅ አፉ ላይ ታደርጉና ስትነዱ ትከፍቱታላችሁ፣ አየር ወደ ውስጥ እየገፋ ስለሚገባ በስንጥቁ የሚወጣ እንጂ የሚገባ አይኖርም። ይሄን ካደረግኩ በኋላ ነው ሚስቴ አንሶላው ላይ መተኛት የተስማማችው።

ሁለት የአየር ቀዳዳ ግዴታ ነው፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ወለሉ ጋ፣ ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ቢፈስ መሬት ነው የሚተኛው። ሁለቱንም በወንፊት ሸፍኑ። የወባ ትንኝ ጣና ዳር ቀልድ አያውቅም፣ ስለዚህ መስኮቱም በሩም ወንፊት ይኑረው።

መብራትና ባትሪ

ባለ 7 እግር ሶኬት ግዙና ቀለሙን በዚሁ ያዙት፦ ቢጫ የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴ የቀኝ ፍሬቻ፣ ነጭ መሬት ማለትም ኔጌቲቭ፣ ቀይ ስቶፕ፣ ጥቁር የግራ የኋላ መብራት፣ ቡናማ የቀኝ፣ ሰማያዊ የጭጋግ መብራት። ኔጌቲቩን በመጎተቻው ብረት በኩል ይመለሳል ብላችሁ አትተዉት፣ መንጠቆው ሲዝግ መብራቱ እየተንቀጠቀጠ ያሳብዳችኋል፣ ነጩ ሽቦ የግድ ይዘርጋ። ሽቦውን በፕላስቲክ ቱቦ አስገብታችሁ ቱቦላሬው ላይ እሰሩ፣ ስለት ያለው ቀዳዳ ውስጥ ካለፈ ጎሚኒ አልብሱት።

ለውስጥ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪና 150 ዋት ሶላር ይበቃል። በጋ ላይ በቀን ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰበስባል፣ መብራት፣ ስልክ፣ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ ያቆማል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ፍሪጁን እርሱት። የተለመደው የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች አታውርዱት፣ በዓመት ይሞታል። ፊውዝ ባትሪው አጠገብ፣ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይርቅ። ብየዳ ካለባችሁ ተሳቢዋን ከመኪናው ፍቱ፣ ባትሪዋንም ንቀሉ።

ውሃና ኩሽና

ታንከር አልወድም። አራት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ከአክስሉ ፊት ወለሉ ላይ ማስቀመጫ ሠርታችሁ በቀበቶ እሰሩ። የትም ቦኖ ላይ ይሞላል፣ ቢቀደድ የትም ገበያ ላይ ይገዛል። የጣናን ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ፣ ብልሃርዝያ ስላለ ዳር ዳሩን በባዶ እግር መንቦራጨቅም አይመከርም።

የኋላ በሩን ከላይ በማጠፊያ ስቀሉት፣ ሲከፈት ጥላ ይሆናል። የመሳቢያውን ቁመት ስትወስኑ ጀበናውን አምጥታችሁ ለኩ፣ እኔ ሳልለካ ሠርቼ ጀበናው አንገቱ አልገባ ብሎ አንዱን መሳቢያ እንደገና ፈትቻለሁ። ቡታጋዙ ሲሊንደር ውጪ፣ መጎተቻው ላይ፣ ቆሞ ይታሰር፣ መገጣጠሚያውን በየጉዞው በሳሙና አረፋ ፈትሹ። ከሰል ደሞ በር ተከፍቶም ቢሆን ሳጥኑ ውስጥ አይገባም፣ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሳችሁ ስትጨርሱ ምድጃውን ከተሳቢዋ አርቃችሁ አስቀምጡ፣ በብርድ ምክንያት የከሰል ምድጃ አስገብቶ የተኛ ሰው ወሬ እዚህ አገር ያልሰማ የለም።

መጀመሪያ ጉዞ

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከዛ የመጣ ሹፌር ጠይቃችሁ ብቻ ውጡ። የመጀመሪያው ቅርብ ይሁን፣ ጢስ አባይ 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለሙከራ አሪፍ ነው። ኮረኮንች ላይ የተሳቢዋን ጎማ ወደ 25 ፒኤስአይ አውርዱ፣ ካልወረደ ትዘልና ዕቃ ትሰብራለች። ፎገራ ሜዳ ላይ ክረምት ከአስፋልት አትውጡ፣ ያ ጥቁር አፈር ጎማና ሻንሲ መሃል ተጠቅጥቆ ጎማውን ያቆመዋል፣ መኪናው ቢያልፍም ተሳቢዋ እንደ መልህቅ ትጎትተዋለች፣ በሬ ጠምደው ካወጡኝ ገበሬዎች ጋር እስካሁን ሰላምታ አለን።

ጣና ዳር ስትተኙ ከውሃው ዳር ራቅ በሉ፣ ደንገሉ ተኝቶ፣ ሳሩ ተግጦ መንገድ የሆነ ቦታ ካያችሁ የጉማሬ መውጫ ነው፣ ሌሊት ሊግጥ ይወጣል፣ በሱና በውሃው መሃል መቆም አይፈልግም ማንም።

ከተነሳችሁ 50 ኪሎ ሜትር ላይ ቁሙ። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የያዙትን ዩ ቦልቶች ዳዶ እንደገና አጥብቁ፣ አዲስ ሲሆኑ ሁልጊዜ ይላላሉ። የጎማውን ዳዶም እንዲሁ። ከዛ መዳፋችሁን ሞዞው (ኩሽኔታው ያለበት የጎማው መሃል) ላይ አድርጉ፣ ሞቅ ያለ ደህና ነው፣ እጅ የሚያስነሳ ትኩሳት ካለው ኩሽኔታው ጠብቋል ወይም ፍሬኑ አልለቀቀም፣ ክሪክ አስገብታችሁ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩት። ሁለቱንም ጎን ንኩ፣ አንዱ ብቻ ሲግል ነው ነገር ያለው።